ትንሽ ወደ ምድር፣ ትንሽ ወደ ደሴ

ይማሜ፣

አላህ ማረፊያህን ሰፊና ብርሃን ያድርግልህ። ከተለያየን በጨረቃው ቁጥር ዓመት አልፎናል፤ በፀሐዩ ቁጥር ግን ዓመቱ የሞላው በዚህ ሳምንት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል እንደማይሄዱ አንተ ድሮም ታውቅ ነበር። እኔ ዘንድሮ ተሳስቼ ተማርኩት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም ስለዚያ ስህተትና ከስህተቱ በኋላ ስላየሁት ነገር ነው። መጀመሪያ ግን የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ከመንገድ ስትመለስ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ «እህስ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ትለኝ የለ።

ሱቅህን ወንድምህ ሰይድ ይዞታል። እንጨቱን ትቶ የብረት በር ይሠራል። ድሮ በግድግዳው ስንጥቅ የዋንዛ ሽታ ይገባ ነበር፤ አሁን የሚገባው የተቃጠለ ብረት ነው። ብየዳው ሲጀምር ግቢው በሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ላይ መብረቅ መስሏቸው ይሸሸጉ ነበር፤ አሁን ለምደውታል፤ እኔ ነኝ ያልለመድኩት። ሰይድን ግን አልወቅሰውም። የመርሳ ሰው አሁን የሚፈልገው ብረት ነው። መላጊያህን ብቻ አልሰጠሁትም። ጠየቀኝ፤ ወደ ጓዳ ይዤው ገባሁ፤ ትቶኝ ሄደ።

በዋናው መንገድ ዳር መብራት ተተክሏል። አንዱ የቆመው በእኛው በር ፊት ለፊት ነው። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እኔም ማታ ስገባ እንቅፋት አይመታኝም። አንተ ብታየው ግን ፊትህን ታጠቁር ነበር፤ ከአጥሩ በላይ ያለውን ሰማይ ቀጭን ሻይ አስመስሎታል። ማንጎው አበባ ይዟል። በየዓመቱ የምትቆርጠው፣ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው ቅርንጫፍ ዘንድሮ የሚነካው አጥቶ እንደ ልቡ አደገ። ማሽላው ደህና ነው። የወልድያዋ እህቴ ድናለች፤ ትደውልልኛለች። የምትለኝም አንድ ነገር ነው፤ «ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ፣ ምን ብቻሽን ያስቀምጥሻል?»

ምን እንደሚያስቀምጠኝ ለእሷ መናገር አልቻልኩም። ዝምታ ድሮም አመሌ መሆኑን ታውቃለህ። አንተ እያለህ ግን ዝምታዬን የሚሰማው ሰው ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ የራሴን ድምፅ ሳልሰማ ይመሽብኛል። ማታ አዛን ሲደረግ ቃሉን ተከትዬ ስመልስ ጉሮሮዬ ይሻክራል፤ ያን ጊዜ ነው ከጠዋት ጀምሮ ቃል እንዳልወጣኝ የማውቀው። ልጅ አላህ አልሰጠንም፤ አንተም አንድ ቀን ቅር ብሎህ አላየሁም። «እኛ እኮ ከሰማይ ጋር ነን» ትል ነበር፣ እየሳቅህ።

ከሰማይ ጋር ያደረገን ያ ቴሌስኮፕ ነው። የመጣበትን ቀን አስታውሳለሁ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ሰው በሚኒባስ ጣሪያ አስጭኖት መጣ። እንደ ቦይ ቱቦ የወፈረ፣ ነጭ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ሦስት የብረት እግሮች ነበሩት፤ ሁለቱ ተሰብረዋል። አንተ እግሮቹን አገላብጠህ አየህና «እነዚህ አይድኑም፤ ሌላ መቆሚያ ልሥራለት» አልከው። እሱም ከስልኩ ላይ የእንጨት መቆሚያ ሥዕል አሳየህ። ሥዕሉን አንድ ጊዜ አይተህ ስልኩን መለስክለት።

መቆሚያው ቀላል ነገር ነው፤ ቀላልነቱ ግን የሚያታልል ነበር። ሦስት እግር ያለው፣ አንዱ እግሩ ረዘም ያለ ክብ ጣውላ ግቢው ውስጥ በቀበርካቸው ሦስት ድንጋዮች ላይ ይቀመጣል፤ በላዩ ሌላ ክብ ጣውላ ይዞራል፤ በእሱ ላይ ሁለት የጎን ሳንቃዎች ይቆማሉ፤ ቱቦው በሳንቃዎቹ መካከል ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። ሞተር የለው፣ ማርሽ የለው፤ የሚያንቀሳቅሰው እጅ ብቻ ነው። ችግሩ እጅ ሲለቀው ባለበት መቅረቱ ላይ ነበር። ከላላ ነፋስ ይወስደዋል፤ ከጠበቀ ስትገፋው ዘሎ ያልፋል። አንተ ከቢጫው የዘይት ጀሪካን ሦስት ቁራጭ ፕላስቲክ ቆርጠህ በሁለቱ ክብ ጣውላዎች መሐል አደረግህ፤ ሻማ ቀባኸው፤ ጠረግኸው፤ እንደገና ቀባኸው። ቱቦው ወደ አፉ ሲከብድ የአሮጌ ካልሲህን አንዱን እግር ጠጠር ሞልተህ በኋላው አንጠለጠልክበት። «አሁን በአንድ ጣት ግፊው» አልከኝ። ገፋሁት። ሄደ፤ ጣቴን ሳነሳ ቆመ። ፊትህ ላይ ያየሁትን ደስታ ለበርም ለአልጋም አላየሁብህም።

ሰውየው ጥቂት ጊዜ እየመጣ ተመለከተበት፤ ለእኛም አሳየን። ከዚያ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ሲሄድ «እግሩን የሠራህለት አንተ ነህ፣ ከአንተ ጋር ይቆይ» ብሎ ተወልን። የምናውቀው እሱ በአፉ የነገረን ጥቂትና እኔ ከየትም የለቃቀምኩት ነበር። አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ምን ታነባለች? ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የሳይንስ መጽሐፍ። አንድ ቀን ከገበያ በርበሬ የያዘ ወረቀት ላይ የጁፒተርን ሥዕል አግኝቼ፣ በርበሬውን አራግፌ ያነበብኩልህን ታስታውሳለህ? ሁለታችንም እያስነጠሰን ነበር።

ሰው ግን መድፍ ነው ያለው። በር ሊያሠራ የሚመጣ ሁሉ «ይማም፣ ይሄን መድፍ ማን ላይ ልትተኩሰው ነው?» ይልህ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ቀልዱ ቀረ። ቱቦውን ማሽላው ውስጥ ቀበርነው፤ መቆሚያውን ገልብጠን የጫጩት ቤት አደረግነው። ስንቱ መጥቶ ስንቱ ሄደ፤ ጫጩት ያለበትን ሳጥን ማን ይጠረጥራል። በኋላ ስናወጣው ስንት ጊዜ አጠብከው። ጎረቤታችን ጥሩወርቅ ጨረቃን በእሱ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። አማተበች፤ እንደገና አየች፤ «እናንተ፣ ይቺ ልጅ ፈንጣጣ ወጥቶባት ነበር እንዴ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጨረቃ ባየች ቁጥር በአጥሩ ላይ ሆና «ፈንጣጣዋ ወጣች» ትለኛለች። ዛሬም ትለኛለች።

በቴሌስኮፕ ማየት ሲባል ሰው ቀላል ይመስለዋል። ኮከብ አይቆምም። መስታወቱ ውስጥ ገብቶ ሳይቆይ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ካልተከተልከው ይወጣል። ስለዚህ አንዱ ያያል፣ ሌላው ይገፋል። መጀመሪያ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ» እያልን ተጣላን፤ አንተ ከፊቴ ስለምትቆም የእኔ ቀኝ የአንተ ግራ ነበር። አንድ ማታ ተናደህ «ቀኝና ግራውን ተይው፤ ወደ የት አገር እንደሆነ ንገሪኝ» አልክ። ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ከሆነ ወደ ወልድያ፣ ወደ ደቡብ ከሆነ ወደ ደሴ አልኩህ። ወደ ላይ ወደ ሰማይ ነው፣ ወደ ታች ወደ ምድር። «ትንሽ ወደ ደሴ። በቃ። ትንሽ ወደ ምድር።» ጣትህ እንደ ቃሌ ትሄድ ነበር። እኔ ብዙ የማላወራ ሴት፣ በሕይወቴ የተናገርኩት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ጨዋታችንንም ሰው አያውቀውም። ጁፒተር አጠገቡ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉት፤ ጨረቃዎቹ ናቸው። በምሥራቅ በኩል ሲወጣ ከላይና ከታች ይደረደሩለታል። በየማታው ቦታቸውን ይቀያይራሉ። ቀድሞ ያየው አይናገርም፤ ሌላው ስንት ከላይ፣ ስንት ከታች እንዳሉ ይገምታል። «ገምቺ» ትለኛለህ፤ «ገምት» እልሃለሁ። የተሸነፈ የዶሮ ቤቱን ይዘጋል። ብዙ ጊዜ የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ታጭበረብር እንደነበር እጠረጥራለሁ፤ አሁን ማን ይፈርድ።

እህቴ ኦፕራሲዮን ሆና ላስታምማት ወልድያ የሄድኩ ጊዜ የረጀብ ወር ገብቶ ነበር። ለክርስቲያኖቹም የገና በዓል ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከኢሻ ሶላት በኋላ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደወልክልኝ። እህቴ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ቀጭኗ ጨረቃ በተራራው በኩል ታየኛለች። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር። የሰማሁት ይህን ነው፤ «ፋጤ፣ ዛሬ ደስ የሚል ነገር ይዣለሁ። አልነግርሽም፣ ገምቺ። ነገ ስትመጪ በዚሁ ሰዓት ታይዋለሽ፤ ሳልነካው ትቼልሻለሁ።» «ጁፒተር ነው?» አልኩህ። ሳቅህ፤ ሳቅህ መሐል ላይ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል የምትመልስልኝ የስልኳ ሴትዮ ናት።

ጁፒተር ነው ያልኩት ገምቺ ስላልክ ነው። ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። በዚያ ሰሞን አዲስ ነገር ትፈልግ ነበር፤ ያ ሰው የነገረህን እንደ ጉም የሚታይ ኮከብ፣ በዓይን አንድ መስሎ በመስታወቱ ሁለት የሚሆነውን ኮከብ። ሳቅህም የአሸናፊ ሳቅ ነበር። ሌሊቱን የተኛሁት እሱን እያሰብኩ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰይድ ደወለና «ይማም አሞታል፣ ነይ» አለኝ። አሞታል የሚሉት ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ሲደርስ ሰው ለመጫን ቆመ፤ ረዳቱ በሩን ይዞ «መርሳ፣ ውርጌሳ» እያለ ይጣራል። እኔ መስኮቱን ይዤ ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከመስታወቱ ፊት እቆማለሁ፣ እሱ ይገፋልኛል እያልኩ ነበር። ሱብሂን ሰግደህ ተመልሰህ በራችን ደፍ ላይ እንደተቀመጥክ መሄድህን የነገሩኝ ከደረስኩ በኋላ ነው። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ቀብሩን ፈጽመው ሲመለሱ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ድንኳን መትከል ጀመሩ። ቴሌስኮፑ አንተ እንደተውከው በሸራ ተሸፍኖ በሦስቱ ድንጋዮች ላይ ቆሟል። አንዱ መጥቶ ቱቦውን አቅፎ ሊያነሳው ሲል እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ያልወጣኝ፣ «እንዳታዞሩት» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ሐዘን ያዞረኝ መሰላቸው። ከራሴ ላይ ጥቁሩን ሻሽ ፈትቼ የታችኛውን ጣውላ ከላይኛው ጋር፣ ቱቦውንም ከሳንቃው ጋር አሰርኩት። «አሁን አንሱት» አልኳቸው። ከነመቆሚያው እንዳለ ተሸክመው ከአልጋችን ግርጌ አስቀመጡት።

ዓመቱን ሙሉ እዚያ ቆመ። ዒዳዬ ላይ፣ የሐዘን ወራቴን ስጠብቅ፣ ከቤት ስለማልወጣ አብረን ነበርን። ጋደም ስል ቱቦው ከእግሬ በላይ ወደ ቆርቆሮው አቅንቶ ይታየኛል። የሚያየው ነገር ከቆርቆሮው ባሻገር አለ፤ አንተ ያየኸው፣ እኔ እንዳየው ብለህ የተውከው። እጅህ ለመጨረሻ ጊዜ ያቆመበት ቦታ ነው። አንድ ጣት ብነካው ይጠፋል። ስጠርግ እንኳ መጥረጊያው እንዳይነካው በእጄ ነበር የምለቅመው። ያ ሰው አንድ ጊዜ ያለንን ይዤ ተጽናናሁ፤ ኮከብ በዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ወደ ቦታው ይመለሳል ብሎን ነበር። ድንጋዮቹ አሉ። የመቆሚያው ረጅም እግር ወደ ወልድያ ከዞረ ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ መጠበቅ ብቻ ነው አልኩ።

ሰይድ ግን ሌላ አሰበ። ከወልድያ አንድ አስተማሪ ስለ ቴሌስኮፑ ሰምቶ፣ ለተማሪዎች ቢሰጠን ብሎ ለምኖታል። ሰይድ መጥቶ ተቀመጠና «እትዬ ፋጡማ፣ ለይማም ሰደቃ ይሆንለታል። ልጆች ባዩበት ቁጥር አጅሩ ለእሱ ነው። እዚህ ታስሮ ቢቀመጥ ለማን ይጠቅማል?» አለኝ። ያለው እውነት ነው፤ ያስጨነቀኝም እውነትነቱ ነው። ለአንተ የሚደርስህን ምንዳ በሻሽ አስሬ የያዝኩ መሰለኝ። «ዓመቱ ይድረስ» አልኩት። «እሺ፣ ዓመቱ ሲደርስ ይሂዳ» አለ። እሺ አልኩት።

ረጀብ ገባ። ሰደቃህን አወጣን፤ ዱዓ ተደረገልህ፤ ቤቱ በሰው ሞላ። ማታ ሰው ሲበተን ሰይድን አስቀረሁትና ቴሌስኮፑን አብረን ወደ ግቢ አወጣነው። «ቀስ በል፣ ቀስ» እያልኩ አደከምኩት። «እንቁላል አደረግሽው እኮ» አለኝ። ከድንጋዮቹ ላይ አስቀመጥነው። ቀና ብዬ ሳይ ጨረቃዋ እህቴ ግቢ ሆኜ እንዳየኋት ቀጭን ናት፤ በዚያው በተራራው በኩል። ሁሉ ነገር የተመለሰ መሰለኝ። ከኢሻ በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ ክዳኑን አንስቼ፣ ሻሹን ሳልፈታ ዓይኔን አስጠጋሁ።

ምንም የለም። ጥቁር ሆኖ ጥቂት እንደ ዱቄት የተበተኑ ነገሮች። ዓይኔን ጠርጌ አየሁ። ቆየሁ። ሰይድ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «ምን አየሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። በጣም ቀስ ብሎ «አይዞሽ እትዬ፣ በቃ እንግዲህ» አለኝ። ሸራውን እሱ አለበሰው። ያን ሌሊት የተቀበርክ ያህል ሆነብኝ።

በማግስቱ ጥሩወርቅ አጥሩ ላይ መጥታ ታየኛለች። ዓይኔን አየችው። «ትናንት የነበረው ሰው የምንድነው?» አለች። «የይማም ዓመት ነው» አልኳት። «የምን ዓመት? ይማም እኮ የተቀበረው የገና ዋዜማ ነው። እኔ ዶሮዬን ሳላርድ፣ የተጠመቀውን ጠላ ሳልቀዳ ለቅሶ ዋልኩ። ዘንድሮ በዓሉ መች ደረሰ? እናንተ ዓመቱን ጎተታችሁት» አለችኝ።

ይማሜ፣ ረመዳን ክረምትና በጋ እየዞረ እንደሚመጣ የማያውቅ ማን አለ? ዕድሜ ልኬን በዝናብም በሙቀትም ጾሜያለሁ። የጨረቃ ዓመት አሥር አሥራ አንድ ቀን እንደሚያጥር አንተ ነግረኸኛል፤ «ጨረቃ ትቸኩላለች» ትል ነበር። ግን የሞት ዓመትህ ነውና በሰደቃው ቆጠርኩት፤ ቀጭኗን ጨረቃም ሳይ አመንኳት። ጨረቃዋ ተመልሳለች፣ ኮከቦቹ ግን ገና መንገድ ላይ ነበሩ።

ሰይድን «አስተማሪውን ትንሽ ይጠብቅ በለው» አልኩት። «እስከ መቼ?» አለ። «እስከ ጥሩወርቅ በዓል።» «አሁን ደግሞ በክርስቲያን ሆነ?» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ከዓመት በኋላ ሳቅ አመለጠኝ።

ቀኖቹን ሥራ ፈትቼ አልቆየሁም። መጋዝህን አወጣሁ። የሥራ ጠረጴዛህ ላይ ወጥቼ የማንጎውን ቅርንጫፍ ቆረጥኩት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ አንተ ከቁርስ በፊት ትጨርሰው ነበር። የመንገዱን መብራት ለመከለል ከአጥሩ ላይ ገመድ ወጥሬ ሁለት ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ጥሩወርቅ አይታ «እንግዳ አለብሽ?» አለችኝ። አዎ ማለት ከጀለኝ።

ከገና ዋዜማ በፊት ያለው ምሽት ደረሰ። ጥሩወርቅ ቤት ሽንኩርት እየተላጠ ነበር፤ ሽታው አጥሩን አልፎ ይመጣል። ከኢሻ በኋላ ብቻዬን ወጣሁ። ሸራውን ገለጥኩ። ሁለት ሰዓት ላይ አየሁ።

ጥቂት ደብዛዛ ኮከቦች አየሁ። እንደ ቀድሞው ዱቄት አልነበሩም፤ ለየት ለየት ብለው ይታያሉ፤ ግን አንድም «ደስ የሚል ነገር» የሚባል የለባቸውም። ጉም የለም፣ ሁለት የሚሆን የለም። እነሱም ቀስ እያሉ ወደ ዳር ሄዱ፤ ሌሎች ደብዛዛዎች ገቡ። ቀኑ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ድንጋዩ ልክ ነው። ዓይኔን አንስቼ ቱቦው ወዳቀናበት በባዶ ዓይኔ ቀና አልኩ። ከአጠገቡ ቀዩ ኮከብ አለ። ብቻውን።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወልድያ ከመሄዴ በፊት ጁፒተር ከዚያ ቀይ ኮከብ አጠገብ ነበር፤ «ጎረቤት ሆኑ» ብለን አይተናቸዋል። ዘንድሮ ኮከቡ በቦታው ነው፤ ጁፒተር የለም። ፈለግሁት። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሐራ በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣ ከቆረጥኩት ቅርንጫፍ በላይ ያበራል። ኮከቦች በዓመት ይመለሳሉ፤ እሱ ግን ተጓዥ ነው፣ በየዓመቱ ሰፈር ይለውጣል። የተውክልኝ እሱን ነበር። ገምቺ ያልከኝም ስንት ከላይ፣ ስንት ከታች ብለህ ነው። በዚያ ማታ እንዴት ተደርድረው እንዳስደሰቱህ አላውቅም፤ ከእንግዲህም አላውቅም። በማግስቱ ብመለከት ኖሮ እንኳ ተቀያይረው ነበር፤ ይህን አንተም ታውቅ ነበርና ሳቅህ ለዚያ ይሆናል።

ብነካው እጅህ ያቆመበት ይጠፋል። ባልነካው የሚያየው ቀይ ኮከብ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት ይኸው ባዶ ቦታ ነበር፤ አንተ ግን የተውክልኝ የምታየውን ነገር እንጂ ባዶውን አይደለም።

ሻሹን ፈታሁት። ቋጠሮው ጠንክሮ ነበርና በጥርሴ ነው የፈታሁት። ቱቦውን ይዤ ድምፄን አውጥቼ «ትንሽ ወደ ምድር» አልኩ። የሚገፋ አልነበረም። እጄ የእኔው መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ገፋሁ፤ ፕላስቲኮቹ ዓመት ሙሉ ተጣብቀው ነበርና ያዝ አደረጉኝ። ከዚያ ሻማው የሰማኝ ይመስል ለቀቁ። ካልሲህ ተወዛወዘ። ዘልዬ አለፍኩት። ቱቦው ላይ ለማነጣጠሪያ የመታሃቸውን ሁለት ምስማሮች አንዱን ከአንዱ ጋር አስተካክዬ እንደገና ፈለግሁ፤ አጣሁት፤ ወደ ሰማይ መለስኩት፤ ወደ ወልድያ በዛብኝ። ወገቤ ታመመ። ማየትም መግፋትም በአንድ ሰው እንዴት ከባድ ነው። በመጨረሻ ትንፋሼን ይዤ፣ በአንድ ጣት፣ «ትንሽ ወደ ደሴ» አልኩ።

ከዳር ገባ። ክብ፣ ጸጥ ያለ፣ ሁለቱ ቡናማ መቀነቶቹ ወገቡ ላይ። አራቱም አጠገቡ ነበሩ። ሲሸሽ ተከተልኩት። ሲሸሽ ተከተልኩት። ጥሩወርቅ ቤት ሰው መሳቁን፣ መንገድ ላይ ባጃጅ ማለፉን እሰማለሁ፤ ግን እንዳይጠፋብኝ ዓይኔን አላነሳሁም። እንባዬ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በሻሹ ጠረግሁና ቀጠልኩ።

ለሰይድ ነግሬዋለሁ። ቴሌስኮፑ ለልጆቹ ይደርሳል፤ ግን አሁን አይሄድም። ከእነሱ መሐል አንድ ሰው መጥቶ በአንድ ጣት መግፋት እስኪለምድ እዚሁ ይቆያል። ጣውላና ቱቦ ብቻ ሰጥቼ እጅህን ማስቀረት አልፈልግም። ሰይድ «አንቺ ታስተምሪያለሽ?» አለኝ፤ መናገሬን ነው የተጠራጠረው። ብዙ ቃል አያስፈልገውም አልኩት፤ የአራት ቦታ ስም ብቻ ነው። ሁለቱ አገር፣ አንዱ ሰማይ፣ አንዱ ምድር። እስከዚያ ድረስ ሰማዩ በጠራ ማታ ሁሉ እወጣለሁ። ዱዓዬን አድርጌልህ እወጣለሁ፤ በየገናው ዋዜማ፣ በየረጀቡም። የምረሳህ ቀን አይኖረኝም፤ ሁለት ዓመት አለህ እኔ ዘንድ፣ የጨረቃና የፀሐይ።

ስንት ከላይ፣ ስንት ከታች እንደነበሩ አልነግርህም። አይቼዋለሁ፤ ተራው የአንተ ነው፣ ገምት። እስክትመልስልኝ የዶሮ ቤቱን እኔ እዘጋለሁ።

ፋጤህ፣
መርሳ